ወልደተንሣኤ እና የፊታውራሪ ዘርአ ዳዊት ብርድ

ደብረ ብርሃንን የሚያውቅ ሰው ብርድ በገንዘብ ይገዛል ብሎ አያስብም። እኛ ዘንድ ብርድ በነጻ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ሳይጠሩት ቤት ድረስ ይመጣል። ማለዳ ሜዳው ውርጭ ለብሶ ያድራል፣ በገንዳ ያደረ ውሃ ይረጋል። እንግዲህ በዚህ አገር ተቀምጦ ብርድ የሚያመርት መኪና የገዛ ሰው ነበር፤ ጌታዬ ፊታውራሪ ዘርአ ዳዊት። እኔ ጸሐፊያቸው ነበርኩ። ዐሥራ አንድ ዓመት እንጀራቸውን በልቻለሁና የምናገረውን አውቃለሁ። አብዛኛውን ግን በጊዜው አልተናገርኩም።

ይህ ታሪክ የእሳቸው አይደለም። የእሳቸውን በለቅሷቸው ቀን አልቃሾች በሰፊው ተናግረውታል። የማወራው ስለ ወልደተንሣኤ ነው። ስለ እሱ እስከ ዛሬ ማንም አንዲት ቃል ሲናገር አልሰማሁም፤ ይህም ያናድደኛል።

ወልደተንሣኤ የአንኮበር ልጅ ነው። አባቱ መሪጌታ ገብረ ጻድቅ ዜማ ያስተምሩ ነበር፤ ልጃቸውም እንደሳቸው መቋሚያ ይዞ እንዲቆም አስበው እስከ ዐሥራ ሰባት ዓመቱ ሲያስጠኑት ኖሩ። አንድ ቀን ገብስ አስጭነው ደብረ ብርሃን ወፍጮ ቤት ላኩት። ወፍጮውን የሚያዞረው ሞተር አምፖልም ያበራ ነበር። ልጁ ገብሱን አስፈጭቶ ዱቄቱን በሰው ላከና እሱ እዚያው ቀረ። መሪጌታ ሦስት ጊዜ መልእክተኛ ላኩበት፤ በአራተኛው ራሳቸው መጡ። ልጃቸውን ለወፍጮ ቤቱ ባለቤት፣ ለአንድ አርመን ሽማግሌ፣ ሽቦ ሲያቀብል አገኙት።

"ምን እያደረግህ ነው?" አሉት።

"አባባ፣ መብራቱ ለምን እንደጠፋ እየፈለግን ነው" አላቸው።

"እኔም ይህንኑ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት" ብለው ወደ አንኮበር ተመለሱ ይባላል።

አርመኑ ሲሞት በደብረ ብርሃን ኤሌክትሪክ የሚባለውን ነገር የሚያውቅ ወልደተንሣኤ ብቻ ሆነ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ከሰው ጋር ሲነጋገር እጅ እጁን የሚያይ ሰው ነበር። ከኮቱ ኪስ ሁለት ሽቦ የተቀጠለባት ትንሽ አምፖል አትለይም። የተበላሸ ነገር ሲሰጡት ያችን አምፖል ያወጣና ከምንጩ ጀምሮ ቀስ እያለ ይፈትሻል። ሳያይ አይናገርም፤ ካየ ደግሞ ዝም ማለት አይችልም። በሽታው ይኸው ነበር። አንድ የእነዋሪ ነጋዴ ራዲዮውን አምጥቶ "ምቀኛ አስደግሞብኝ ዝም አለ" ሲለው፣ በሰው ፊት፣ "ጋሼ፣ ባትሪውን ገልብጠው ነው ያስገቡት" አለው። ነጋዴው ሁለተኛ ሰላም ብሎት አያውቅም። "ምን አለበት፣ አቧራ ገብቶበት ነው ብትለው?" ብዬ መከርኩት። "አቧራ አልገባበትም እኮ" አለኝ። ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ምን ይባላል?

ወደ መኪናዋ ልመለስ። ፊታውራሪ በ1953 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ነው የገዟት። ረጅም፣ ጥቁር፣ አሜሪካ ሠራሽ ነበረች። ከኋላ ዕቃ መጫኛዋ ውስጥ የማቀዝቀዣው ማራገቢያዎች አሉ፤ ከእነሱ የሚነሣው አየር ከኋላ ወንበር ጀርባ መጥቶ የተቀመጠውን ሰው ማጅራቱን ይመታዋል። የደብረ ብርሃን ሰው ደግሞ ማጅራቱን ብርድ ከመታው ኑዛዜ ነው የሚያስበው።

ለምን ገዟት? ባላንጣቸው የነበሩት የአንድ ባላባት መኪና ራዲዮ ነበረው፤ ነገሩ ይኸው ነው። ማቀዝቀዣ እንዲሠራ መስኮት መዘጋት አለበት። ስለዚህ መስኮቱን ዘግቶ የሚሄድ መኪና ማቀዝቀዣ እንዳለው አገር ያውቃል። በታኅሣሥ ውርጭ፣ በበርኖስ ላይ ጋቢ ደርበው፣ "ኃይለ ገብርኤል፣ ብርዱን ልቀቀው" ይላሉ። ሾፌሩ ኃይለ ገብርኤል ይለቀዋል። ገበያተኛው መስታወቱን በመዳፉ እየነካ "ወይ ጉድ! ከውጪው ይብሳል!" እያለ ያደንቃል። ለቀባሪ ማርዳት ይሉሃል ይህ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ጥርሳቸው መንቀጫቀጭ ጀመረ። ማቀዝቀዣውን ማጥፋት ደግሞ ውርደት ነው። መላውን ያመጡት ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለማርያም ናቸው። ከዚያ ወዲያ የቤቱ ሠራተኛ ብርሃነሽ ጠዋት ጠዋት ፍም የሞላ የሸክላ ምድጃ በጨርቅ ሸፍና ታመጣና ከኋላ ወንበር ሥር፣ ከጌታዬ እግር አጠገብ፣ ምንጣፉ ላይ ታስቀምጣለች። ማጅራታቸው ይበርደዋል፣ እግራቸው ይቃጠላል፣ ወገባቸው አካባቢ ግን ተመችቷቸው ነበር። ወሬው እንዳይወጣ የነፍስ አባታቸውን አባ ወልደአረጋይን አስጠርተው ኃይለ ገብርኤልን፣ ብርሃነሽንና እኔን አስገዘቱን፤ የእሳቱን ነገር የተነፈሰ እንደ አርዮስ የተለየ ይሁን ተባልን። እኛም አሜን አልን።

በ1954 ዓ.ም. በግንቦት ወር ከአዲስ አበባ አንድ ትልቅ ባለሥልጣን መጡ። ፊታውራሪ የአውራጃ ገዥነት ይመኙ ነበር፤ ሹመቱ በእኚህ ሰው አፍ በኩል እንደሚያልፍ ተነግሯቸዋል። ስለዚህ ሮቢት ቆላ ያለውን የጥጥ እርሻቸውን ሊያስጎበኟቸው በመኪናዋ ይዘዋቸው ወረዱ። ሁለቱ ጌቶች ከኋላ፣ እኔና ኃይለ ገብርኤል ከፊት ነበርን። በዚያ ቀን ምድጃው ቤት ቀርቷል።

የጣርማ በርን ዋሻ አልፈን ደብረ ሲና እስክንደርስ ሁሉም መልካም ነበር። ቁልቁለቱ እየበረታ፣ መኪናዋ እየተናጠች፣ ቆላው ፊት ለፊት ሲከፈት ከኋላ የነበረው የማራገቢያ ድምፅ ቀጥ አለ። ሙቀቱ ግን ዝም አላለም።

"ፊታውራሪ፣ መስኮት ቢከፈት ምን ይመስልዎታል?" አሉ እንግዳው።

"የለም ጌታዬ፣ ብርዱ ይወጣብናል።"

"የቱ ብርድ?"

"አሁን ይመጣል።"

ብርዱ አልመጣም። መስኮቱም አልተከፈተም፤ ምክንያቱም በመንገድ ዳር ሰው ነበረ። ሮቢት ስንደርስ እንግዳው ከመኪናዋ የወጡት እንደ ተቀቀለ ድንች እየጨሱ ነው። ከሾላ ጥላ ሥር አስቀምጠን ውሃ ስንሰጣቸው፣ "ይህች መኪና ታቀዘቅዛለች ብለውኝ አልነበረም?" አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት የጌታዬ የዚያን ቀን ፊት ነው።

ፊታውራሪ "ነገሩ የጠላት እጅ ነው" ብለው ተነሡ። ኃይለ ገብርኤልን አሳስረው አቆሙት። "ባላንጣዬ ምን ከፈለህ?" አሉት። "ጌታዬ፣ እኔ ምን አውቄ?" ከማለት በቀር ቃል አልወጣውም። አምስት ልጆች አሉት፤ ሚስቱም ስድስተኛውን አርግዛለች። ለወረዳው ፖሊስ የሚላከውን ወረቀት ጀምር ተባልኩና ጀመርኩ። ቀንና ቦታውን ጽፌ ስሙን ላስገባ ስል እንግዳው ከሾላው ሥር፣ "ምስክር አለ?" ብለው ጠየቁ። ፊታውራሪ በእንግዳ ፊት ዳኝነት የሚያውቁ ሰው መሆናቸውን ለማሳየት ፈለጉ። "አውጫጭኝ ይቀመጥ!" አሉ።

አውጫጭኝን ላላየ ሰው ልንገር። ጥፋት ሲሠራና አጥፊው ሲጠፋ የአገሩ ሰው ሁሉ በአንድ አጥር ውስጥ ይገባል፤ ስም እስኪወጣ ድረስ ማንም አይወጣም። ሽማግሌ ከጥግ ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ ሰው በተራ ጠጋ ብሎ የሚያውቀውን በጆሮው ይነግረዋል። በምስጢር የተናገረውን ወፍ ይሉታል፤ ማን እንደሆነ አይገለጽም። እንግዳው "ይህ ነገር አልቀረም እንዴ?" ሲሉ፣ ፊታውራሪ "አጥፊው መቼ ቀረ ጌታዬ?" አሉ።

ከእርሻው አጠገብ የከብት በረት ነበር፤ በእሾህ የታጠረ፣ ጥላ የሌለው። ስልሳ የሚሆን ሰው ገባበት፤ የእርሻው ሠራተኛ፣ የቤቱ አሽከር፣ ድግስ ልትሠራ ቀድማ የወረደችው ብርሃነሽ፣ የሮቢት ገበሬ። አንድ ሽማግሌ ገበሬ "ወላሂ፣ እኛ ይህችን መኪና ዛሬ ገና ማየታችን ነው" ቢሉም ገቡ። እኔም ወረቀቴን ይዤ ገባሁ። የአውጫጭኙ ሽማግሌ አቶ ገብረመንፈስቅዱስ ነበሩ፤ የጌታዬ ጭሰኛ ናቸው። "ያየ የሰማ ካልተናገረ ግዝት ነው" ብለው አወጁ። እኔና ብርሃነሽ ከበረቱ፣ ኃይለ ገብርኤል ከታሰረበት ሆነን ሦስታችን ተያየን። በአንዱ ግዝት ብንናገር እንወገዛለን፤ በሌላው ዝም ብንል እንወገዛለን። ከሁለቱ ዝም ማለቱ ስለቀለለን ዝም አልን።

ፀሐይዋ አናታችን ላይ ቆመች። ይህን ጊዜ ነው ወልደተንሣኤ ከወንዙ በኩል ብቅ ያለው። የእርሻውን የውሃ ሞተር ሊጠግን ከሦስት ቀን በፊት ወርዶ ነበር፤ እጁ በቅባት ተለውሷል። ሰው ሁሉ በረት ገብቶ፣ ሾፌሩ ታስሮ ቢያይ ጠየቀ፤ ነገሩት።

"ጌታዬ" አላቸው ፊታውራሪን፣ "ሰዎቹ ከመጠየቃቸው በፊት መኪናዋን ልጠይቃት?"

እንግዳው ፈገግ አሉ። ፊታውራሪም ስለዚህ ፈገግ አሉና ፈቀዱ።

በእሾሁ መካከል ሆነን እናየው ነበር። ኮፈኑን ከፍቶ ማቀዝቀዣውን የሚያዞረውን የላስቲክ ቀበቶ፣ ቺንጊያውን፣ በጣቱ ገፋ አደረገ፤ ደህና ነው። አምፖሏን አውጥቶ ባትሪው ላይ ነካ አደረጋት፤ በራች። ከዚያ ፊውዝ የምትባለዋን የመስታወት ብልቃጥ ነቀለ፤ ውስጧ ያለችው ክር ተቃጥላለች። አዲስ ቢያስገባ ወዲያው ጧ ብላ ተቃጠለች።

ኃይለ ገብርኤል ከታሰረበት ሆኖ፣ "የሲጋራ ብርማ ወረቀት ጠቅልልበት፣ እኛ እንደዚያ ነው የምናደርገው" አለው።

"ፊውዟ የምትቃጠለው ሌላው እንዳይቃጠል ብላ ነው" አለው ወልደተንሣኤ። "አፏን ብንዘጋት እሳቱ ሌላ ቦታ ይወጣል። የሆነ ቦታ ሽቦው ልብሱን አውልቆ ከመኪናዋ ብረት ጋር ተነካክቷል።"

አምፖሏን በፊውዟ ቦታ ቀጠላት፤ ቦግ ብላ በራች። "እስከ በራች ድረስ ሽቦው ብረቱን እንደነካ ነው" አለ ለራሱ ይሁን ለእኛ። ከዚያ ከፊት ጀምሮ ሽቦውን እየተከተለ ትንሽ በትንሽ ያነሣዋል፣ አምፖሏን ያያል፤ ያነሣዋል፣ ያያል። የፊት ወንበር ሥር በራች። በሩ ሥር በራች። ከኋላ ወንበር ፊት፣ ጌታዬ እግራቸውን ከሚያሳርፉበት ላይ፣ ምንጣፉን ገልጦ ሽቦውን በካቻቢቴ ቀና ሲያደርገው አምፖሏ ደበዘዘች፤ ከኋላም ማራገቢያው እያቃሰተ መዞር ጀመረ። በረቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ "እሰይ!" አለ። እኔና ብርሃነሽ ብቻ አላልንም።

ወልደተንሣኤ ምንጣፉን አንሥቶ አየው። የምድጃ ቂጥ የሚያህል ክብ ተቃጥሏል። በጣቱ አመድ አሻሸ፣ አሸተተ። ያን ጊዜ እግዜር ይይልኝ በዓይኔ ለመንኩት፤ "አይጥ በላው በል፣ አርጅቶ ነው በል" እያልኩ። ሽቦውን በቅዳጅ ጨርቅ ጠቅልሎ አሰረ፣ አዲስ ፊውዝ አስገባ፣ ማቀዝቀዣው ተነሣ። ወደ ጌቶቹ ሄዶ ቆመ።

"ተገኘ" አለ። "ቁልቁለቱ ሲንጠው ነው የተነካካው፤ የሽቦውን ልብስ ግን እሳት ነው የበላው። የከሰል ፍም። አንድ ቀንም አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የተቀመጠ ነው። ኃይለ ገብርኤል ከፊት ነው የሚቀመጠው፤ እሳቱ ከኋላ ነው። ስለዚህ እሱ አይደለም። ይፈቱት።"

በሬ ሲያመሰኳ ይሰማ ነበር። እንግዳው ቀስ ብለው ወደ ፊታውራሪ ዞሩ። "ከኋላ የሚቀመጠው ማን ነው?" አሉ።

ጌታዬ ሹመት የሚገባቸው ሰው መሆናቸውን ያመንኩት ያን ጊዜ ነው። አንድ ትንፋሽ እንኳ አልወሰደባቸውም። "ከእግሬ ሥር እሳት ቀብረውብኛል!" ብለው ጮኹ። "ማቀዝቀዣውን አይደለም የፈለጉት፤ እኔን ነው! በሕይወቴ ሊያቃጥሉኝ ነው! ሾፌሩን ፍቱት፤ ሞኝ ነው፣ ይህን አያስበውም። አውጫጭኙ ይቀጥል! ስም ሳይወጣ ውሃ እንዳይገባ!"

ኃይለ ገብርኤል ተፈትቶ ከእኛ ጋር በረት ገባ። አቶ ገብረመንፈስቅዱስ ከበረቱ ጥግ ተቀመጡ። ብልህ ሰው ነበሩ፤ ከንፈራችን ተሰንጥቋል፣ አንዲት እርጉዝ ሴት ራሷን ስታ ወድቃለች፣ የማናችንም አንገት ከጌታችን አንገት ጋር አይወዳደርም። ሁሉንም አዩ። ስለዚህ "ማን አነደደ?" ብለው አልጠየቁም። ሰው በተራ ሲቀርብ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "እሳቱ ያለበትን ቦታ ያወቀ ማን ነው?"

ይህ ጥያቄ መልሱ እውነት ነው። ስልሳ ሰው አንድ በአንድ ቀርቦ "ወልደተንሣኤ ነው" አለ። ብርሃነሽ አለች። ከእስራት የተፈታው ኃይለ ገብርኤልም አለ፤ ዝቅ ባለ ድምፅ ነው፣ ግን አለ። የእኔ ተራ ሲደርስ አቶ ገብረመንፈስቅዱስ ዓይናቸውን ከዓይኔ አነሡ። "ወልደተንሣኤ ነው" አልኩ። ከዚያ ከበረቱ ወጥቼ ውሃ ጠጣሁ። እስከ ዛሬ እንደዚያ የጣፈጠኝ ውሃ የለም፤ ሳስበው ያሳፍረኛል።

ሽማግሌው ተነሥተው ፍርዱን ተናገሩ። "ወፊቱ ስም አምጥታለች። ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል። ያልቀበረ ሰው ከየት ያወጣል? ስልሳ ሰው ያላየውን እሳት አንድ ሰው በቀጥታ ሄዶ አነሣው።"

ወልደተንሣኤ መጀመሪያ ነገሩ አልገባውም። "እኔ እኮ አላወቅሁም፤ አምፖሏ ናት ያሳየችኝ" አለ።

"አምፖል ትምላለች?" አሉ ሽማግሌው። ሰው ሳቀ። ውሃ ስለጠጣን መሳቅ ችለን ነበር።

ወልደተንሣኤ ዞር ብሎ አየን። እያንዳንዳችንን በተራ ነው ያየን፤ ሽቦ ሲፈትሽ እንደሚያየው፣ ሳይቸኩል። የት ላይ እንደተቋረጥን የሚፈልግ ይመስለኛል። እኔ ላይ ሲደርስ ወደ ወረቀቴ አቀረቀርኩ። ወረቀቱ እንደሆነ ተጀምሯል፤ ቀንና ቦታው ተጽፏል። በባዶው ቦታ ስሙን አስገባሁ። አጻጻፌ ያማረ ነበር፤ እንግዳው ሳይቀሩ አመሰገኑት።

ጌቶቹ መስኮት ዘግተው፣ ቀዝቅዞላቸው፣ ወደ ደብረ ብርሃን ወጡ። እንግዳው "ድንቅ ነገር ነው" ሲሉ ሰማሁ። ወልደተንሣኤ ከሁለት አሽከር ጋር በእግሩ ተከተለ። ሦስት ወር ታሰረ። እስር ቤት ሳለ የአለቃውን ራዲዮ ጠገነና በምን እንደተበላሸ ነገራቸው አሉ፤ ከዚያ በኋላ ውሃ ቀጂ አደረጉት። ፊታውራሪ በመስከረም ተሾሙ።

በጥቅምት ወፍጮ ቤቱ መመለሱን ሰምቼ ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቀው ነበር የሄድኩት፤ ሌሊቱን ሙሉ ቃሉን ስደረድር አድሬያለሁ። ከሳ ብሏል። ሲያየኝ ተነሥቶ እጅ ነሣኝ፤ ብርጩማውንም ለቀቀልኝ።

"ወልደተንሣኤ" አልኩት፣ "የዚያን ቀኑን ነገር..."

"ጋሼ" አለኝ፣ "ሽቦው እንዴት ነው?"

"የቱ?"

"ያ የሮቢቱ። በጨርቅ ነው ያሰርኩት፤ የሚጠቀለለው ላስቲክ በእጄ አልነበረም። ጨርቅ አያዛልቅም። እስር ቤት ሆኜ እሱ ነበር የሚያሳስበኝ። ፍም ካስቀመጡበት እንደገና ይቃጠላል፣ ሰው ይጎዳል። ነገ መጥቼ በደንብ ልሥራው?"

የደረደርኩት ቃል አፌ ላይ ደርሷል፣ ሰውም በአጠገባችን አልነበረም፣ ግዝትም አልነበረም።

"ነገ ጌታዬ ችሎት ይውላሉ" አልኩት። "ስትመጣ ሰው እንዳያይህ በጓሮ በር ግባ።"